ዕቃ ነው ወይስ ቤት? የአንዲት እናት ተገጣጣሚ ቤት በጅማ

«ሜሻ ሞ መነ?» አለኝ የፈቃድ ክፍሉ መሐንዲስ፣ ያስገባሁትን ፕላን በእርሳስ ጫፍ እየነካካ። ዕቃ ነው ወይስ ቤት? ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ከፊቱ የተዘረጋው ቅጽ ላይ «የግድግዳ ዓይነት» የሚል መስመር አለ፤ ከሥሩ ብሎኬት፣ ጡብ፣ ድንጋይ፣ ጭቃ የሚሉ አራት ሳጥኖች። የባለጉዳዬ ግድግዳ ከአራቱም አይደለም። ቅጹ ላይ ሳጥን የሌለው ነገር ደግሞ እዚያ ቢሮ ውስጥ መልስ የለውም።

ይህ የሆነው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ጅማ ውስጥ ነው። ፕላን በመሳል ነው የምተዳደረው፤ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና ሁለት ባለ ሦስት እግር ዱካ ያሏት ክፍል አለችኝ። ጉዳዩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጄ አልፏል። «ርካሽ ቤት» እየተባለ በየስብሰባው የሚወራው ነገር የት ላይ ተሰናክሎ እንደሚቀር ከዚህ በተሻለ ያየሁበት አጋጣሚ የለም። የማንንም ስም አልጠራም። ባለጉዳይዋን ሰፈሩ እንደሚጠራቸው እትዬ እላቸዋለሁ።

እትዬ ወደ ቆጪ በኩል ነባር ይዞታ አላቸው። ሟች ባለቤታቸው በደርግ ጊዜ በምሪት ያገኙት ቦታ ነው፤ ካርታው በእሳቸው ስም ዞሯል፣ ግብሩም ሳይቋረጥ ተከፍሏል። ቤቱ የጭቃ ነበር፤ የባህር ዛፍ ቋሚ፣ ማገር፣ ጭድ የገባበት ምርጊት፣ በላዩ ቆርቆሮ። የጭቃ ቤት ጠላቱ ከላይ ሳይሆን ከታች እንደሚመጣ የጅማን ዝናብ ያየ ያውቃል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚዘንብበት አገር ነው፤ ክረምቱም ሦስት ወር ዘንቦ የሚያባራ ሳይሆን ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም የሚጎትት ነው። ጠፈጠፉ የግድግዳውን እግር ያረጥበዋል፣ የረጠበውን ምስጥ ይበላዋል። በ2014 ክረምት የጓዳው ግድግዳ ተቀመጠ። ወደቀ አላልኩም፤ እንደ ደከመው ሰው ቀስ ብሎ ነው የተቀመጠው። ቋሚዎቹን ነቅለን ስናይ ከመሬት በታች ያለው ክፍላቸው በጣት ሲነካ እንደ በሶ ይፈረፈራል።

እትዬም ካርታቸውን በላስቲክ ጠቅልለው፣ ከገዛ ግቢያቸው ሁለት አጥር ተሻግረው የሰው ክፍል ተከራዩ። ኪራዩን የሚከፍለው ልጃቸው ነው፤ አንድ የመንገድ ሥራ ፕሮጀክት ላይ ንብረት ክፍል ይሠራል።

መጀመሪያ ወደ እኔ የመጡት የብሎኬት ቤት ፕላንና ግምት ፈልገው ነበር። ሠራሁላቸው፤ ሁለት መኝታ፣ አንድ ሳሎን፣ 36 ካሬ። ሲሚንቶ ጠዋት የጠየቅኸው ዋጋ ከሰዓት የማይጠብቅህ ጊዜ ነበር፤ ፌሮም እንደዚያው። ዝርዝሩን አንብቤ ስጨርስ መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ልጄ፣ ይህን ያህል ብር ቢኖረኝ ኖሮ እኮ አሮጌውም አይወድቅም ነበር» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ልጁ ደወለ። የሚሠራበት ፕሮጀክት ሲያልቅ ካምፑ ተነቅሎ ክፍሎቹ በጨረታ ሊሸጡ ነው። የካምፕ ክፍል ያላያችሁ ካላችሁ፣ አፅሙ ቱቦላሬ፣ ማለትም ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ዘንግ ነው፤ ግድግዳው ሁለት ስስ ቀለም የተቀባ ላሜራ ሆኖ መሐላቸው አምስት ሴንቲ ሜትር ነጭ ፎም አለ። ቴሌቪዥን ተጠቅልሎበት የሚመጣው ዓይነት ፎም ነው። ሳንድዊች ፓኔል ይሉታል። በቡለን ይገጠማል፣ በቡለን ይፈታል። ልጁ እያንዳንዱ ሦስት በስድስት ሜትር የሆኑ ሁለት ክፍሎች በጨረታ አሸንፎ፣ ፈትቶ፣ በኤፍኤስአር ጭኖ እናቱ ግቢ አራገፈው። ጎን ለጎን ሲሆኑ ስድስት በስድስት ናቸው፤ ያው 36 ካሬ። ዋጋውን ከእኔ የብሎኬት ግምት ጋር ማወዳደር ያሳፍር ነበር።

ጎረቤት ለማየት ተሰበሰበ። አንዱ ፓኔሉን በጣቱ አንኳክቶ፣ «እትዬ፣ ፍሪጅ ውስጥ ሊገቡ ነው እንዴ?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር አልተሳሳተም፤ የሥጋና የአበባ ማቀዝቀዣ ክፍሎችም የሚሠሩት ከዚሁ ዓይነት ፓኔል ነው። እትዬ ግን እጃቸውን ላሜራው ላይ አሳርፈው፣ «ምስጥ ይህን ይበላል?» ብለው ጠየቁ። አይበላም አልኳቸው። «በቃ» አሉ።

በቃ ቢሉም አልበቃም። ፕላኑን ስዬ በጥቅምት አስገባሁ፤ ከሳምንት በኋላ ያ የ«ሜሻ ሞ መነ» ጥያቄ መጣ። መሐንዲሱ መፍትሔ ብሎ ያቀረበልን ጊዜያዊ ፈቃድ ነበር፤ መንገድ ዳር ለሚቀመጥ የኮንቴነር ሱቅ የሚሰጠው ዓይነት። እትዬ ደስ ብሏቸው ሊፈርሙ ነበር፤ ደብዳቤውን ሳነብላቸው ነው የቆሙት። በተፈለገ ጊዜ ያለ ምንም ካሳ አነሳለሁ የሚል ዓረፍተ ነገር አለበት። ይህ ዓረፍተ ነገር ቀላል አይደለም። በ2011 በወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 መሠረት ባለይዞታ ሲነሳ ካሳ የሚታሰብለት መሬቱ ላይ ላለው ንብረት ነው፤ መሬቱማ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ቤትህን ጊዜያዊ ብለህ በፈረምክ ማግሥት፣ በሕግ ዓይን ግቢህ ውስጥ የሚቆጠርልህ አጥርና ዛፍ ብቻ ነው ማለት ነው። እትዬ ደብዳቤውን ወደ መሐንዲሱ መልሰው ገፉትና፣ «የኔ ልጅ፣ እኔ እዚህ ቦታ 40 ዓመት ኖሬአለሁ፤ ጊዜያዊ የት አለ?» አሉት። አንገቱን ደፋ። ክፉ ልጅ አልነበረም።

ያን ሌሊት ሕጉን አወጣሁ። በወቅቱ የሚሠራበት የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ነበር። ሕንፃዎችን በሦስት ይመድባል፤ ምድብ ሀ፣ ምድብ ለ፣ ምድብ ሐ። ሕዝብ የሚገለገልበት፣ ፋብሪካና ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝመው ሁሉ ምድብ ሐ ነው። ምድብ ሀ ደግሞ ቀላሉ ነው፤ ባለ አንድ ወለል ሆኖ በሁለት የኮንክሪት፣ የብረት ወይም የሌላ ስትራክቸር ውቅሮች መካከል ያለው ርቀት ሰባት ሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ ሕንፃ። ደጋግሜ አነበብኩት። ብረት ይላል! ሌላ ስትራክቸርም ይላል። የእትዬ ቤት የብረት አፅም አለው፤ አንድ ወለል ነው፤ የሁለቱ ክፍሎች ስፋት ተደምሮ ራሱ ስድስት ሜትር ነው። አዋጁ ቤቱን የሚለካው በቁመቱና በሸክም አጣጣሉ እንጂ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ አይጠይቅም። አራቱን ሳጥኖች የፈጠረው አዋጁ ሳይሆን ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ነው። የብሎኬት ቤት ዘመን ላይ ቅጽ ሲዘጋጅ የብሎኬት ቤት ቅጽ ሆነ፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

ጠዋት አዋጁን ይዤ ስሄድ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። መሐንዲሱ አንብቦ ጨረሰና፣ «እሺ፣ ምድብ ሀ ነው። ይህ ፓኔል ስንት ኪሎ ይሸከማል? ነፋስ ሲያነሳውስ? እሳት ሲይዘውስ? ማን ነው የፈረመበት?» አለኝ። እዚህ ላይ ዝም ከማለት ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። የተገዛው ከካምፕ ጨረታ ነው። አምራቹ ማን እንደሆነ የሚናገር ወረቀት የለም፣ የደረጃ ማህተም የለም፣ የስሌት ሰነድ የለም። ለብሎኬት ቤት ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም ያውቀዋልና። ለፓኔል ግን ጥያቄው ትክክል ነበር። እኔም ፊርማዬን ላኑርበት ብባል እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የአሜሪካኖቹን ታሪክ ያነበብኩት በዚያ ሰሞን ነው። እነሱ ይህንኑ ክርክር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ገብተውበታል። ፋብሪካ ውስጥ ተሠርቶ በመኪና እየተጎተተ የሚመጣ ቤት ነበራቸው፤ ጥራቱን እያንዳንዱ ግዛትና ከተማ በየራሱ ደንብ ነበር የሚለካው። እ.ኤ.አ. በ1974 ኮንግረሳቸው ሕግ አወጣ፤ ከጁን 15 ቀን 1976 ጀምሮ ለመላው አገር አንድ መለኪያ ሆነ። ቤቱ ፋብሪካ ውስጥ እያለ ይመረመራል፤ ካለፈ ትንሽ ቀይ የብረት ሰሌዳ ይመታበታል። ያቺ ሰሌዳ ያለችበት ቤት የትም ከተማ ቢሄድ፣ የከተማው መሐንዲስ «ስንት ኪሎ ይሸከማል?» ብሎ እንደ አዲስ መጠየቅ አይችልም። የእኛ መሐንዲስ ሲፈልጋት የነበረችው ያቺን ሰሌዳ ነው።

የሚገርመው ግን እዚያም ያው ጥያቄ ሌላ በር ከፍቶ ገባ። ሕጉ ይህን ዓይነት ቤት ሲተረጉመው ቋሚ ሻሲ ላይ የተሠራ መሆን አለበት ብሎ ጻፈ። ሻሲ፣ የመኪና ሻሲ። ቤቱ አንዴ ቦታው ከደረሰ ዕድሜ ልኩን ባይንቀሳቀስም ብረቱ ከሥሩ እንዳይወጣ ሆነ። ወለሉን ከፍ ያደርገዋል፣ ፎቅ መጨመርን ያስቸግራል፣ ዋጋም ይጨምራል፤ ከሁሉም በላይ ግን ቤቱን ተጎታች ያስመስለዋል። ቤት እንዲረክስ የሚፈልጉ ሰዎች ይህ ግዴታ ይነሳ እያሉ ሲሟገቱ ቆይተዋል፤ ሐሳቡ ኮንግረስም ደርሷል። ብዙ ከተሞች ደግሞ የግንባታ ደንባቸውን መጨመር ሲከለከሉ በመሬት አጠቃቀም በኩል ዞረው መጡ፤ «ቤቱ ደህና ነው፣ እዚህ ሰፈር ግን አይቆምም» አሉ። በብዙ ቦታም ወረቀቱ እንደ መኪና ሊብሬ ነው የሚወጣው፤ ባንክም በቤት ወለድ ሳይሆን በዕቃ ወለድ፣ በአጭር ጊዜ ነው የሚያበድርበት። ሜሻ ሞ መነ? ጥያቄው ባሕር ተሻግሮም ያው ነው።

ወደ እትዬ ልመለስ። ሁለት ወር ከተመላለስን በኋላ አንድ የማውቀው ስትራክቸራል መሐንዲስ ለመፈረም ፈቀደ፤ ፓኔሉ ሸክም እንዳይሸከም፣ ሸክሙ ሁሉ በቱቦላሬው ላይ እንዲያርፍ አድርጎ አሰላው። ፓኔሉ መጋረጃ ብቻ ሆነ። ይህ ብልህ ሥራ ነበር፤ ሰነድ የሌለውን ነገር ከስሌቱ አወጣው። ቢሮው ይህን ተቀበለና ሁለት ጥያቄ ጨመረ። አንደኛው መሠረቱ በድንጋይ ተገንብቶ ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል፣ በላዩ ግራውንድ ቢም (መሠረቱን ዙሪያውን የሚያስረው ኮንክሪት) እንዲታሰርና እያንዳንዱ ቋሚ በአራት ቡለን እንዲያዝ ነው። ሁለተኛው መንገዱን የሚያየው ፊት በብሎኬት እንዲገነባና ተለስኖ ቀለም እንዲቀባ።

በመጀመሪያው ላይ ቃል የለኝም። የፓኔል ቤት ቀላል ነው፤ ነፋስ ከሥሩ ከገባ ጣሪያውን ብቻ ሳይሆን ራሱን ቤቱን ያነሳዋል። እንዲሁም የጅማ ጠፈጠፍ ላሜራ ሥር ከገባ በሁለት ዓመት ዝገት ይጀምራል። ሁለተኛው ግን ለዓይን ነው። የብሎኬቱ ፊት ቤቱን አያቆመውም፣ ከእሳት አያድነውም፣ ከዝናብ አይጋርደውም፤ የሚያደርገው አንድ ነገር ቢኖር ከመንገድ ሲታይ የብሎኬት ቤት እንዲመስል ነው። መሐንዲሱን ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ «የከተማው ገጽታ» አለኝ። ጅሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እንጨትና ጭቃ ሆኖ የከተማው ኩራት እንደሆነ ላስታውሰው ብዬ ተውኩት። ቅጹን ሞልተን ፈረምን፤ ፈቃዱ በሚያዝያ ወጣ። እትዬ ከፓኔሉ ካተረፉት ገንዘብ ግማሽ ያህሉ በሁለቱ ጥያቄዎች አለቀ፤ ሌላው ደግሞ በስድስት ወር ኪራይ ተሸረሸረ።

ሥራው ግን ደስ የሚል ነበር። ግንበኛው መሠረቱን ሲጨርስ ቡለኖቹን በልኩ ለማቆም አንድ ቀን ሙሉ ፈጀን፤ አንዷ ቡለን በጣት ውፍረት ከተሳሳተች ቋሚው አይገባም። ልጁ ካምፕ ውስጥ ሲፈታ እያንዳንዱን ፓኔል በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፎበት ነበርና ያ አዳነን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ አራት ሰዎች ተሸክመው አመጡ፣ አንዱ በትራፓን በሳ፣ አንዱ ዳዶ አጠበቀ። ግድግዳና ጣሪያው በአራት ቀን ቆመ። በአራተኛው ቀን ማታ እትዬ ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉ፤ ከፍተው ሲወጡ፣ «የሰው ድምፅ አይሰማም» አሉ። ግርምታቸው ገባኝ፤ በኪራይ ክፍላቸው የጎረቤት ሳል ሌሊቱን ሙሉ ይሰሙ ነበር።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ሁለቱ ክፍሎች የየራሳቸው ጣሪያ ነበራቸው፤ ጣሪያዎቹ መሐል ላይ ተገናኝተው አሸንዳ ሠሩ። በሲሊከን ይዘጋል ብዬ ነበር። በሰኔ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ አሸንዳው ሞልቶ ሳሎኑ መሐል ላይ ወረደ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ደውለውልኝ፣ «ልጄ፣ ውጭ ከሚዘንበው ቤት ውስጥ የሚዘንበው በዛ» አሉኝ። ካምፕ ውስጥ ክፍሎቹ ተለያይተው ነበር የቆሙት፤ እኔ ሳጋጥማቸው አዲስ ችግር ወለድኩ። ሁለቱንም አንድ ላይ በሚያለብስ አንድ የኢጋ ቆርቆሮ ጣሪያ ሸፈንነው። ወጪውን የቻልኩት እኔ ነኝ። ማድ ቤቱንም ለብቻው፣ ከቤቱ ራቅ አድርገን በብሎኬት ሠራነው፤ ይህን ማንም አላዘዘንም። ያ ነጭ ፎም እሳት ሲያገኘው ቀልጦ ይንጠባጠባል፣ ጭሱ ከእሳቱ ይፈጥናል። የእንጀራ ምጣድ ያለበት ቤት ውስጥ ይህን ቀልድ አልቀልድም። ለነገሩ ቢሮው ስለ ፊት ለፊቱ ቀለም ሲከራከረኝ ስለ ምጣዱ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ከዚያ ባንክ መጣ። ልጁ በጓሮ አንድ የሚከራይ ክፍል ለመጨመር መበደር ፈለገ፤ ዋስትናው ቤቱ ነው። የባንኩ ገማች መሠረቱን ለካ፣ የፊቱን ብሎኬት ለካ፣ ፓኔሉ ጋ ሲደርስ በጣቱ አንኳኩቶ «ተነቃይ» ብሎ ጻፈ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሬትና ሕንፃ የማይንቀሳቀስ ንብረት ናቸው፤ አንድ ነገር የሌላው አካል የሚሆንበት አንዱ መንገድም ሳይፈርስ ወይም ሳይጎዳ ሊለይ የማይችል ሲሆን ነው። ገማቹ በቡለን የታሰረ ግድግዳ ሳይጎዳ ይለያል ብሎ ነው ያሰበው። እሺ ይለያል እንበል፤ ታዲያ በሚንቀሳቀስ ንብረት መያዣ እናስይዘው አልን፤ በ2011 ለዚያ የወጣ አዋጅ ቁጥር 1147 አለ። መልሱ፣ «መሠረት ላይ ታስሯል እኮ፣ ቤት ነው» ሆነ። ለቤትነት ሲጠየቅ ዕቃ፣ ለዕቃነት ሲጠየቅ ቤት። ልጁ ብድሩን ትቶ ዕቁብ ገባ።

እኔ ከዚህ ጉዳይ የያዝኩት አቋም አጭር ነው። ደንቡ ይላላ ሲባል ሰው የሚሰማው ጥንቃቄው ይቀነስ የሚል ነው፤ አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1976 ያደረጉት ግን መላላት ሳይሆን ጥንቃቄውን ከመንደር ወደ ፋብሪካ በር ማዛወር ነው። እኛም ዘንድ መላላት ያለበት የግድግዳው ስም ነው። ቅጹ «ከምን ተሠራ?» ማለቱን ትቶ ውኃ ያስገባል ወይ፣ እሳት ይይዘዋል ወይ፣ ነፋስ ያነሳዋል ወይ፣ መሠረቱ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቅ። አንድ ዓይነት ፓኔልና አንድ ዓይነት ፕላን አንድ ጊዜ ተፈትሾ ከጸደቀ ሁለተኛው ሰው ስድስት ወር ኪራይ የሚከፍልበት ምክንያት የለም። የደረጃ ተቋም አለን፣ መሐንዲስ አለን፤ ከተማ ሁሉ እያንዳንዱን ፓኔል እንደ አዲስ ፍጡር ከሚመረምር አንዴ መርምሮ ማህተም የሚመታ ይሻላል። የመሠረቱን ግዴታ ግን ማንም እንዳይነካው፣ የእሳቱንም አጥብቁት። የብሎኬቱን ፊት ለፊት ዋና አውራ ጎዳና ላይ ካልሆነ በስተቀር ተውት።

ይህ ሁሉ ቢሆን እንኳ ለማን ነው? እትዬ ተከራይተውበት በነበረው ግቢ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የምትኖር ልብስ ሰፊ ልጅ አለች። ቤቱ በአራት ቀን ሲቆም ቆማ ስታይ ነበር። «ጋሼ፣ ለእኔስ እንዲህ ያለውን ትሠራልኛለህ?» አለችኝ። የት ላይ ነው የምናቆመው ስላት ዝም አለች። ከ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ወዲህ የከተማ ቦታ የመንግሥት ነው፤ በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ ቦታ የሚገኘው በጨረታ ወይም በምደባ ነው። ለመኖሪያ 99 ዓመት ይሰጣል፤ የጨረታ ዋጋው ግን መርፌና ክር ለሚያኖረው ሰው አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከፋብሪካ ቤት ነዋሪዎች ብዙዎቹ ቤቱ የራሳቸው፣ ያረፈበት መሬት የሌላ ነው፤ ባለመሬቱ ኪራይ ሲጨምርባቸው «ተንቀሳቃሽ» የተባለውን ቤት ማንቀሳቀስ አቅማቸውን ይበልጣል። ቤቱን የቱንም ያህል ብናረክሰው ከሥሩ ያለውን መሬት አያረክሰውም። እትዬን ያዳናቸው ፓኔሉ ብቻ አይደለም፤ ሟች ባለቤታቸው ትተውላቸው የሄዱት ካርታ ነው።

ከዓመት በኋላ አንድ ባልና ሚስት መጡ። ነባር ቦታ አላቸው፣ የፓኔል ክፍል ሊገዙ ተስማምተዋል፤ የእትዬን ቤት አይተው ነው። ፕላኑን አስገባሁ። የቀድሞው መሐንዲስ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሯል፤ አዲሱ ደግሞ ያንኑ ቅጽ ዘርግቶ፣ «ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ የተፈቀደበት አለ?» አለኝ። አለ እንጂ! ብዬ የእትዬን ፋይል ቁጥር ሰጠሁት። መዝገብ ቤት ሄዶ አመጣው፣ አቧራውን እፍ ብሎ ከፈተው። «የግድግዳ ዓይነት» የሚለው መስመር ላይ፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ የመጀመሪያው ሳጥን ላይ የራይት ምልክት አለ። ያኔ ፊት ለፊቱ ብሎኬት ነውና እንዲህ ብንሞላው ይቀላል ተባብለን ነበር።

«ይኼማ የብሎኬት ቤት ነው» አለኝና ፋይሉን ዘጋው።